ሦስት ጊዜ የጠበበው ሱሪ

ሬድ ዲር፣ አልበርታ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስት ሴሊና ፓርዲ
ስኩነር ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤና ሆነው፣ ምድጃዎ ሞቆ፣ ደጅዎ ከበረዶ ተጠርጎ ያግኝዎት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምለው እንደ ወጉ ነው፤ እውነቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። የክላረንስ ልጅ ኖሪን ነኝ። እርስዎና አባቴ የወንድማማች ልጆች ናችሁ፤ የእሱ አባት ሲላስ፣ የእርስዎ ደግሞ ሩበን። ከኮቩ፣ ከዚያች የባሕር ወሽመጥ መንደራችን፣ ስንወጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትዝ የሚለኝ የቤትዎ ቢጫ በርና ማንም ሳያየኝ ከብልቃጡ የበላሁት የረግረግ እንጆሪ ማርማላታ ነው።

አባቴ በ1979 በትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሞት አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ክፉ ዕድል ነው አልን። ወንድሜ ዌይን ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው በሽታ ሞተ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድል የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። እኔ ሠላሳ ስድስት ሞልቶኛል፤ ልጄ ሼሊ ዐሥራ ሦስት።

እዚህ ያለች አንዲት ሐኪም እንደነገረችኝ፣ ይህ ካንሰር በአንዳንድ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ በደም ይወርዳል። ሁሉም ልጅ አይወርሰውም፤ ግማሽ በግማሽ ነው። የወረሰው ሰው ከታወቀ ግን በየዓመቱ አንጀቱን በካሜራ እያዩ ክፉው ነገር ገና ከጥዋቱ ይነቀልለታል። ያልወረሰው ደግሞ እፎይ ብሎ ይተኛል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አላውቅም። ሼሊም አታውቅም፤ እሷ እንኳ መጠየቅ አልጀመረችም።

ደማችንን የሚመረምሩልን ሰዎች አሉ፤ ያገኙትን ቤተሰብ ሁሉ ግን አይቀበሉም። «በዚህ በሽታ የሞቱ ሦስት ሰዎች በወረቀት ታመጫለሽ» አለችኝ ሐኪሟ። «አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ወሬ አንቀበልም፤ ወረቀት።» እኔ ያለኝ ሁለት ነው፤ አባቴና ዌይን። መዝገቡ በኦክቶበር መጨረሻ ይዘጋል።

እባክዎ አክስቴ፣ ከፓርዲዎች ማን በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደሞተ ይጻፉልኝ። የሚያስታውሱትን ያህል ይበቃኛል።

አክባሪዎ
ኖሪን


ስኩነር ኮቭ
ማርች 20 ቀን 1996

ለወንድሜ ልጅ ለኖሪን

የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም ሼሊንም ከውርጭና ከመንገድ ክፉ ይጠብቃችሁ። መልሴ የዘገየው ብዕር ስለሚከብደኝ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም። ማርማላታውን ስትበይ አይቼሻለሁ። ማንኪያውን እዚያ የተውኩልሽም እኔ ነኝ።

ጽሑፌን ታገሺኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ክረምት ብቻ ነው፤ ከዚያ ዓሣ ማድረቂያው ላይ ሰው ተፈለገ። ማንበብ የተማርኩት ከወጥ ቤታችን ግድግዳ ነው። እናቴ ንፋስ እንዳይገባ ግድግዳውን በጋዜጣ ትለጥፈው ነበር፣ ግማሹን ዘቅዝቃ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቀና ያለውንም የተዘቀዘቀውንም እኩል አነባለሁ። ከምድጃው በላይ ስለ አንድ መርከብ መሰበር የሚያወራ ወረቀት ነበር፤ መጨረሻው ላይ የጭስ ማውጫው ቧንቧ በስቶት አልፏል። ሰዎቹ ይትረፉ አይትረፉ ሳላውቅ ይኸው ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልጻፍ። አያቴ ኤልያብ በ1929 በአርባ ስምንት ዓመታቸው «በሆድ» ሞቱ። እዚህ እንዲህ ነው የሚባለው። «በሆድ ሞተ» ይባልና ሻይ ይቀዳል። አባቴ ሩበን በ1961 ሞተ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከስቶ ከስቶ ነው ያለቀው፤ ሐኪም አላየውም። ያንቺ አያት ሲላስ በ1953 በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ፤ እሱን ግን ባሕር ነው የወሰደው። ከዝርዝርሽ አውጪው። የመቃብር ድንጋዩም «ባሕር ወሰደው» ይላል። ባሕር የወሰደውን ሰው ስም በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝብ ቆሞ ያነብለታል፤ ታሞ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከኤልያብ ልጆች በሕይወት ያሉት አክስት ትሪፊና ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«የክላረንስ ልጅ ደብዳቤ ጽፋለች» አልኳቸው።

«የትኛዋ? ማርማላታ ሌባዋ?»

«እሷው። ስለ ሕመም ትጠይቃለች። ከቤተሰባችን ማን በምን እንደሞተ።»

«የፓርዲ ደም ምንም የለበትም!» አሉ፤ የሻይ ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ዘለለ። «ከዚህ ደም የወጣ ሰው እስከ ላብራዶር ቀዝፎ ሄዷል፣ ቀዝፎም ተመልሷል። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

እሱማ እየፈጀን ነው፣ አክስቴ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እኔ ቃል የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አንድ ብልቃጥ ማርማላታ ልኬልሻለሁ። በዚህኛው ማንም አይሰልልሽም።

አክስትሽ
ሴሊና


ሬድ ዲር
ኤፕሪል 9 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስት ሴሊና

ለጻፉልኝ ሁሉ እጅዎን ያለምልምልኝ። ብልቃጡን እኔና ሼሊ ቆመን ጨረስነው።

ዝርዝሩን ለሐኪሟ አሳየኋት። ኤልያብ የሞቱት በሩቅ ዘመን ነው፤ «በሆድ» የሚል ወረቀት ደግሞ የትም የለም። አባትዎ ሩበን ከመስመሩ ጎን ናቸው፤ እሳቸውንም ሐኪም አላያቸውም። የሚያስፈልገን አያቴ ሲላስ ነው፤ እሱ ከተገኘ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሆነው ሦስቱ ይቆማሉ። ባሕር እንደወሰደው ነግረውኛል። ግን ከዚያ በፊትስ? ሰው ታሞም ጀልባ ላይ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዴት እንደምለው አላውቅም። አባትዎ ከስተው ከሞቱ ነገሩ ወደ እርስዎም ሊወርድ ይችላል። ሐኪሟ ጠይቂያቸው ብላኛለች፤ ባትለኝም እጠይቅዎት ነበር። እርስዎ እንዴት ነዎት? ሆድዎን ደኅና ነዎት?

አክባሪዎ
ኖሪን


ስኩነር ኮቭ
ሜይ 30 ቀን 1996

ለወንድሜ ልጅ ለኖሪን

ሰላምና በረከት ወደ ቤትሽ ይግቡ፤ ገብተውም አይውጡ። እዚህ በረዶው ኮቩን ለቅቆ ወጥቷል። ጀልባዎቹ ግን ተገልብጠው እንደተኙ ናቸው፤ ኮድ ዓሣ ማጥመድ ከተከለከለ አራት ዓመት ሆነው። ፋብሪካውም ተዘግቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ የቆረጠ እጅ ምን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል።

ኤፕሪልን በሙሉ መርፌ ከእጄ አልራቀም። መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን እራት ሰማያዊ ጉርድ ቀሚሴን አጠበብኩ፤ ከዚያ የአክስት ትሪፊናን ምንጣፍ መጠገን ያዝኩ። እንዴት እንደምንሠራው ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሲሞት ልብሱ ተቆራርጦ በቀጣዩ ክረምት በጆንያ ላይ በቆልማማ መርፌ እየተሳበ ምንጣፍ ይሆናል። ሙታኖቻችሁን ትረግጣላችሁ ብለው የሚስቁብን አሉ። እኛ ደግሞ እግራችንን ያሞቁናል እንላለን።

የአክስት ትሪፊና ምንጣፍ መሐሉ ላይ ጀልባ አለበት፤ ጀልባው ተቀዷል። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁራጭ በጣታቸው እየዳሰሱ ይነግሩኝ ጀመር።

«ይሄ የአባቴ ሹራብ። ይሄ የእናትሽ መጋረጃ፤ ከሀዲ ቀለም ነበር፣ በመጀመሪያው እጥበት ከዳን። ይሄ የቄሱ ኮት፤ ቄሱ አልሞቱም፣ ወፍረው ነው።»

«ይሄ ቡናማውስ?» አልኳቸው። የጀልባው ጎን ነበር።

«የሲላስ የእሑድ ሱሪ። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መርፌ አትችልም ነበር። ያጠበብኩለት እኔ ነኝ።»

«አጠበቡት?»

«አንዴ ለፋሲካ። አንዴ በጁላይ። በመከር ደግሞ…»

ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ በዚያ ዓይን ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም።

«ሻይ አፍዪ» አሉኝ።

ሻዩን አፈላሁ። ሲተኙ ቁራጩን ከጆንያው ላይ ቀስ ብዬ መዝዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ኖሪን፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ በሦስት ረድፍ ተሰልፏል። በረድፎቹ መካከል ያለው ጨርቅ ፀሐይ አላየውም፤ እንደ አዲስ ነው። ሰባት ወር በማይሞላ ጊዜ ሦስት ጊዜ የጠበበ ሱሪ ነው። ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ያውም ዓሣ በተትረፈረፈበት ዓመት።

አሁን ገባኝ። ሁላችንም የተሳሳትነው አንድ ቦታ ላይ ነው። የሰመጡትን ሁሉ ጤነኛ አድርገን ቆጠርናቸው።

ይህን ለአክስት ትሪፊና አልነገርኳቸውም። ስለ ሕመም ስጠይቃቸው በሩን ይዘጋሉ፤ ስለ ጨርቅ ስጠይቃቸው ግን ይከፍታሉ። ቀስ እላለሁ።

አክስትሽ
ሴሊና


ሬድ ዲር
ጁን 14 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስት ሴሊና

የእግዚአብሔር ጸጋ ከእርስዎና ከእነዚያ ጣታቸው ከሚያይ አሮጊት ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን ለሐኪሟ አነበብኩላት። ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ሴትዮዋ ምን ተምረዋል?» አለችኝ። «ግድግዳ» አልኳት። እስክትረዳኝ ድረስ ሌላ በሽተኛ ውጭ ጠበቀ።

«ይህ ማስረጃ ነው» አለች፤ «ግን መዝገብ ላይ አይገባም።» ሲላስ ያን ዓመት ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደሆነ ካወቅን ወረቀቱ አንድ ቦታ ይኖራል። ከአክስት ትሪፊና በቀር የሚያውቅ የለም። ያለን አራት ወር ተኩል ነው።

ባለፈው የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ዘለሉት እንጂ አላለፉትም።

አክባሪዎ
ኖሪን


ስኩነር ኮቭ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1996

ለወንድሜ ልጅ ለኖሪን

የባረከን አምላክ ደጃፍሽን ይጠብቅ። በጋውን ሙሉ ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ባዶ እጄን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም። አሁን ባዶ አይደለም፤ ከዚህ ወረቀት በስተጀርባ የታጠፈውን አትክፈቺ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ከኮቩ አፍ ላይ ከውኃ በታች አንድ ድንጋይ አለ፤ «ሃና» እንለዋለን። የኤልያብ ጀልባ ስም ነው፤ እዚያ ላይ ነው የተሰበረችው። አያቴ ዋኝተው ወጡና ልብሳቸው ሳይደርቅ በየቤቱ እየዞሩ ምልክቱን ተናገሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ከነጩ ገደል ጋር ስታስተካክል ሃና ከበታችህ ናት ብለው። ስድስት ዓመት ላልተነጋገሩት ጎረቤት እንኳ ነገሩት። ይህን ታሪክ አክስት ትሪፊና በሰው ሁሉ ፊት ደጋግመው ይተርኩታል፤ ከእሱ የሚበልጥ ኩራት የላቸውም።

በኦገስት አንድ ቀን ለቄሱ እንግዳ ተረኩለት። እንግዳው ሲወጣ እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጀርባዬን ሳልመልስ፣ «አክስቴ፣ አያቴ ያን ድንጋይ ቢደብቁትስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ምን? ፓርዲ ድንጋይ አይደብቅም!»

«እኛ ግን ደብቀናል። ክላረንስ ሄደበት፤ ዌይን ሄደበት። አሁን ማርማላታ ሌባዋ እየቀዘፈች ነው፤ ልጇንም አሳፍራለች።»

ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እሳቸውም አላወቁም። «ሃምሳ ዓመት አፍሽን ዘግተሽ ዛሬ ስትከፍቺው እንዲህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ፣ «ኮቴን አቀብዪኝ።»

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው ትንሽ ሆስፒታል ተሻገርን። ከጀልባው ስወርድ የጉርዴ ወገብ መርፌ ቁልፍ ተፈትቶ ሊወድቅብኝ ነበር፤ አክስት ትሪፊና ሲይዙልኝ፣ «ዳሌሽን ማን ሰረቀሽ?» ብለው መርከበኞቹን አሳቁብኝ።

ምድር ቤት መዝገብ የምትጠብቀው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች።

«ፈቃድ ያስፈልጋል። የሟች የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት» አለች።

«እኔ ነኝ፤ እኅቱ» አሉ አክስት ትሪፊና። «ይሄን ደጃፍ ሦስት ቀን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ኦገስት 1953። አንቺ አልተወለድሽም፣ የኔ ሆድ፤ እናትሽም ገና ዳዴ ትል ነበር። በይ ማስቲካሽን ትፊና ፈልጊ።»

ልጅቱ ማስቲካዋን ተፋች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈለገች። አሁን ወረቀቱን ክፈቺው።

እንዳነበብሽው ነው። ሲላስ ፓርዲ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ አርባ ስድስት። ሆዱ ተከፈተ። ትልቁ አንጀት ላይ ዕጢ፣ ወደ ጉበት የተዛመተ። መልሶ ተሰፋ። ለሕመምተኛው ተነግሮታል። ለቤተሰቡ እንዳይነገር ጠይቋል።

ስንመለስ አክስት ትሪፊና እስከ ኮቩ አፍ የጀልባውን ጠርዝ እንደያዙ ነበሩ። ሃና አጠገብ ስንደርስ፣ «ባሕር ነው የወሰደው» አሉኝ። «መቃብር ድንጋዩ ላይ የተጻፈው እውነት ነው። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት ጀልባ መውጫው ላይ ቆሜ ነበር። ሲላስ ጀልባዋ ውስጥ ገባ፤ ጀልባዋ አልተነቀነቀችም። እንደ ወፍ ነው ያረፈባት።» ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ጻፊላት። ምልክቱን በደንብ ጻፊላት» አሉኝ።

ይኸው ጽፌልሻለሁ። ሦስቱም ቆሙልሽ።

አክስትሽ
ሴሊና


ሬድ ዲር
ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ሴሊና፣

ዛሬ አክስቴ ብዬ አልጀምርም፤ በእርስዎም አልጽፍም። ተቆጥቻለሁ።

ወረቀቱ ደርሶኛል፤ ዛሬ ጠዋት ለሐኪሟ ሰጥቻታለሁ። ቤተሰባችን ተመዘገበ። ማልቀስ ነበረብኝ። ግን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ሌላ ነገር አየሁ፤ ከዚያ የሜዩን አወጣሁ።

በኤፕሪል ሰማያዊ ጉርድሽን አጠበብሽ። በኦገስት በመርፌ ቁልፍ አስረሽውም ሊወድቅ ነበር። በሁለቱም ደብዳቤ በአንድ መስመር ጣል አድርገሽ አለፍሽ፤ እኔም እንዳንቺው አለፍኩ። ማንበቡን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የሞተ ሰው ሱሪ ላይ ሦስት ረድፍ ቀዳዳ የቆጠርሽ ሴት የራስሽን ወገብ መቁጠር አቃተሽ?

ሂጂ። ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ ኪስሽ ከተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የአያትሽን፣ የአባትሽን፣ የአጎትሽን፣ የክላረንስንና የዌይንን ስም አሳዪው። ድንጋዩን ለእኔ አሳይተሽ አንቺ እንዳትወጪበት።

ኖሪን


ሬድ ዲር
ኖቬምበር 2 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስት ሴሊና

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አንድ ወር ተኩል ሆነ፤ መልስ የለም። ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። አክስት ትሪፊናም ዘንድ አይነሳም። የተናገርኩት አልፎ እንደሆነ ይምቱኝ፤ ግን ይጻፉልኝ።

ስለ ምርመራው ልንገርዎት፤ እኛ ቤት ነገሩ ቆሟል። ሦስቱም ሰዎቻችን ሞተዋል። መርማሪዎቹ ስሕተቱ ደማችን ውስጥ የት ቦታ እንዳለ ለማግኘት መጀመሪያ በሽታው የያዘውና በሕይወት ያለ ሰው ደም ማየት ይሻሉ። እንዲህ ያለ ሰው የለንም። እንዳይኖረንም እጸልያለሁ። ያለ ውጤት ብቀር ይሻለኛል።

አክባሪዎ
ኖሪን


ስኩነር ኮቭ
ዲሴምበር 10 ቀን 1996

ለልጄ ለኖሪን

ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ ይመስገን፤ እኔም አለሁ፣ አክስት ትሪፊናም አሉ። ስልኩ ያልተነሳው ሁለታችንም ሴንት ጆንስ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ስለነበርን ነው።

የሴፕቴምበሩን ደብዳቤሽን ቀና አድርጌ አነበብኩት፤ ዘቅዝቄም አነበብኩት። ያው አንድ ነገር ነው የሚለው። ከግድግዳ ሰዓቱ ኋላ ደበቅሁት። ሽንት ቤት ስወጣ ከፋሲካ ጀምሮ ደም አይ ነበር፣ ኖሪን፤ የእኔው ሆድ ነው፣ ይፍጀው ብዬ ነው። ስለ ሌላው ሁሉ ስጽፍልሽ ብዕሩ ይሄድልኝ ነበር፤ እዚያ ስደርስ ይቆማል። አንቺ ግን ዘለልሽው ብለሽኝ ነበር፤ ልክ ነሽ።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን አውጥቼ ለአክስት ትሪፊና አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወገቤን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እንደ ጨርቅ ዳሰሱኝ። «ሻንጣሽን አምጪ» አሉ፤ የራሳቸውንም አወጡ።

በሆስፒታሉ አንዲት ወጣት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች። «በቤተሰብ ውስጥ ካንሰር ያለበት ሰው ነበር?» ብላ እኔን ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት አክስት ትሪፊና ጣልቃ ገቡ።

«ወንበር አምጪና ተቀመጪ፣ የኔ ሆድ። እርሳስሽንም ቅረጪው።»

«አጭር መልስ ነው የሚያስፈልገን፣ እማማ። አዎ ወይም የለም።»

«እኛ አጭር ቤተሰብ አይደለንም።»

ከኤልያብ ጀመሩ። ስም፣ ዓመት፣ ዕድሜ፣ ማን ከማን እንደተወለደ። ሲላስ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ወሬያቸውን አቆሙ። «ባሕር ወሰደው፤ ከዚያ በፊት ግን አንጀቱ ላይ ነበረበት። ሁለቱንም ጻፊ!» አሉ። ክላረንስ፣ ዌይን። ነርሷ ቅጹን ጨርሳ ጀርባው ላይ ጻፈች፣ ከዚያ ሌላ ወረቀት አመጣች። በማግስቱ ሐኪሙ ያን ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ «ይህን ማን አዘጋጀው?» አለ። አክስት ትሪፊና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሷ። ሦስት ክረምት ነው የተማረችው» አሉት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አፈርኩ ብለሽ እንዳታስቢ። ፊቴ ላይ ያለውን ለብቻዬ ልያዘው ብዬ ነው።

ቆርጠው አወጡት። አልተዛመተም። ሐኪሙ በእጁ አሳየኝ፤ «ይህን ያህል ቀርቶት ነበር» አለ፤ በሁለት ጣቶቹ መካከል የሚያልፈው ቀጭን ክር ብቻ ነበር። ሌላ አንድ ክረምት ብቆይ፣ አለና አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም። ከእንግዲህ በየዓመቱ ያዩኛል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። እንዲህ ያለ ሰው የለንም ብለሽ ጽፈሻል። አለሽ። የኖቬምበሩ ደብዳቤሽ ቤት ስንመለስ ከበሩ ስር ጠበቀኝ፤ በሦስተኛው ቀን ክንዴን ገልጬ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ተሻገርኩ። ሦስት ብልቃጥ ቀድተው ስሜን ለጥፈውበት በአውሮፕላን እናንተ ዘንድ ላሉት መርማሪዎች ላኩት። እኔ አውሮፕላን ገብቼ አላውቅም፤ ደሜ ግን ካልጋሪ ደርሷል። የፓርዲን ደም ሲያዩ በደንብ እንዲያዩት ንገሪያቸው። እስከ ላብራዶር ቀዝፎ የተመለሰ ደም ነው፤ ድንጋይ አለበት፤ ምልክቱንም ይናገራል።

ውጤቱ ላንቺም ለሼሊም ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም። ምንም ቢሆን ድንጋዩ የት እንዳለ እያወቃችሁ ነው የምትቀዝፉት። ሼሊ መጠየቅ ስትጀምር ሻይ አትቅጂ። ወንበር ስጫትና ከኤልያብ ጀምረሽ ንገሪያት።

ሲላስን ወደ ምንጣፉ መልሼዋለሁ፤ ጀልባው ተጠግኗል። አክስት ትሪፊና ከእንግዲህ ማንም አይረግጠውም ብለው ግድግዳ ላይ አሰቀሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ስለ ሃና ከተረኩ በኋላ ወደ እሱ ዞረው ሁለተኛውን ታሪክ ይጀምራሉ። ባለፈው እሑድ ቄሱ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሰሙ።

ቅዳሜ ሰማያዊ ጉርዴን ተረተርኩት። ሥጋ መልሻለሁ፤ ወገቤ አልገባ ብሎኝ ነው። ስፌቱ ደብቆት የቆየው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ይልቅ ሰማያዊ ነው፤ በሁለቱም ጎኔ እንደ መስመር ይታያል። አክስት ትሪፊና ዳስሰው፣ «ሰው ያየዋል፤ በሌላ ጨርቅ ልሸፍንልሽ?» አሉኝ።

ተዉት፣ ይዩት፣ አልኳቸው። እሑድ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አክስትሽ
ሴሊና ፓርዲ